ከቁርባን ጽዋው ጎን ያደረው ቁልፍ

በሆልመቪክ የጀልባ ቤቷን በቁልፍ የምትዘጋ አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ እሷም ቱሪድ ኔስሃይም ናት። በእኛ በኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ የጀልባ ቤት ቁልፍ ከጣራው ጠርዝ በታች ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። መረብ ያነሰው ጎረቤት ገብቶ ይወስዳል፤ ሲጨርስ አጥቦ ይመልሳል። ቱሪድ ቁልፉን ከምስማሩ አንስታ ኪሷ ከከተተች ወዲህ በዚያ ያለፈ ሁሉ በቀልድ ሳይነካካት አይሄድም።

«ቱሪድ፣ ዓሣው ገብቶ እንዳይሰርቅሽ ነው?»

«ዓሣውንስ አምነዋለሁ፤ የማላምነው አንተን ነው።»

እየሳቀች ነው የምትመልሰው። ስስት የለባትም፤ መረብ የጠየቃትን ሰው ራሷ ከፍታ ትሰጣለች። ብቻ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚባለው ለእሷ ተረት ሳይሆን የዕለት እንጀራዋ ነው።

እኔ የማውቃት ከመዘምራኑ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ነኝ፤ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ማሞቂያውን አበራለሁ፣ ደወሉን እደውላለሁ፣ አንባቢ ሲቀር አነባለሁ። ቱሪድ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች፤ ልምምድ ሲያልቅም ወንበር ለመሰብሰብ ወደ ኋላ ከሚቀሩት አንዷ ናት። ሥራዋ የማዘጋጃ ቤቱን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነው። ድሮ ስልክ አገናኝ ነበረች፤ ማገናኛው ሲዘጋ ትምህርት ቤት ተመልሳ ይህን ሙያ ያዘች። «ያኔም ሥራዬ ማን ከማን ጋር ይገናኝ የሚለው ነበር፤ ዛሬም ያው ነው» ትላለች።

ሥራዋን ያስረዳችኝ አንድ ቀን ወንበር ስንደረድር ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ሁለት ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሉ። በውስጣቸው ደግሞ ሌሎች ኮምፒውተሮች ይኖራሉ፤ የራሳቸው ብረትና ሽቦ የላቸውም፣ የሚቆሙት በትልቁ ማሽን ጉልበት ነው። አንዱ የመጦሪያ ቤቱን የጥሪ አምባሮች ያዳምጣል፤ አንድ አዛውንት ወድቀው አምባራቸውን ሲጫኑ የነርሷን ስልክ የሚያስጮኸው እሱ ነው። ሌላው የመድኃኒት ሰዓታቸውን ይይዛል። ሌላው የውኃውን ፓምፕ ይከታተላል። አንዱ ደግሞ የሠራተኞቹን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ፣ ማን ምን መክፈት እንደሚችል ይናገራል። ቱሪድ ትልልቆቹን «አስተናጋጆች»፣ በውስጣቸው ያሉትን «እንግዶች» ትላቸዋለች።

«መጦሪያ ቤቱን አስበው» አለችኝ። «እያንዳንዱ ሰው የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ አለው። ነርሷ ግን ሁሉንም የሚከፍት አንድ ቁልፍ ይዛለች፤ ሰው ቢወድቅ ሳታንኳኳ ትገባለች። እኔም እንደዚያ ዓይነት መሣሪያ አለኝ። እንግዳው ሲታመም ከአስተናጋጁ ሆኜ አዘዋለሁ፣ አስነሳዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ትእዛዙ ከቤቱ ባለቤት ስለመጣ ማን ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም።»

«ደግ መሣሪያ ነዋ።»

«በነርሷ እጅ እስካለ ድረስ።»

ነገሩ ሁሉ ከዚህች ቃል ተነሣ።

አለቃዋ ሃልቫርድ ትቬይተን ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው የሚወድ ሰው ነው። በሰሙነ ሕማማት ግን ሃልቫርድ እንደ ሌላው ሁሉ ይሆናል፤ የበረዶ መንሸራተቻውን መኪናው ጣራ ላይ አስሮ፣ ብርቱካኑን በከረጢት ሞልቶ ወደ ተራራ ጎጆው ይወጣል። ያን ሰሞን ሆልመቪክ ላይ ሱቁና መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው፤ መንገድ ላይ ድመት እንኳ አይታይም። ሃልቫርድ ታዲያ ከተማውን ጥዬ ወጣሁ እንዳይባል አንድ መላ ዘየደ። ከጎጆው ሆኖ በራሱ ስምና የይለፍ ቃል በቀጥታ ወደ አስተናጋጆቹ የሚገባበት መንገድ ከፈተ። ሁላቸውም «የፋሲካው በር» ይሉት ነበር። በእኛ አገር ሰው ለደግነት ብሎ የሚሠራው ስሕተት ይህን ይመስላል፤ የምስማሩ ላይ ቁልፍ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑን ለማጽዳት ደቦ እንወጣለን። በዚያ ዓመት ቱሪድ፣ ሃልቫርድና እኔ የቁርባኑን የብር ዕቃ የማጽዳት ሥራ ደረሰን። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ከበን፣ ዋፍል የሚባለውን ስስ ቂጣና ቡናማ አይብ በመካከላችን አድርገን ጽዋውን እናሻለን።

«አርንፊን፣ ዳኘን» አለኝ ሃልቫርድ። «ቱሪድ የፋሲካውን በር ልትዘጋብኝ ነው።»

«ዳኛ አይደለሁም። ሳህኑን እሽ።»

«ከሁለት ዓመት በፊት ፓምፑ ሲቆም ማን አስነሣው?»

«አንተ» አለች ቱሪድ።

«የት ሆኜ?»

«ጎጆህ ውስጥ፣ በሱፍ ካልሲ።»

«እንግዲህስ?»

«እንግዲህማ አንተ በካልሲ ከገባህበት ሌላውም በካልሲ ይገባበታል። በሩ ፊትህን አያይም እኮ። ስምህንና የይለፍ ቃልህን ካገኘ ሃልቫርድ ነህ ብሎ ያስገባል።»

«ማን ነው እኛን የሚፈልግ? እዚህ አገር ቱሪስት እንኳ ተሳስቶ ነው የሚመጣው።»

«ከፊዮርዱ፣ ከዚህ ከባሕር ክንዱ ማዶ ያለውን የዓሣ ማቀነባበሪያ ማን ፈለገው? ሌቦች አስተናጋጁን ያዙና ሁሉንም ማሽን ባንድ ጠዋት ቆለፉበት። ዓሣው ሳጥን ውስጥ ሸተተ።»

ሃልቫርድ ጨርቁን አስቀመጠ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

«ቱሪድ፣ አባትሽ መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ናቸው። ስቅለት ዕለት አምባራቸው ቢሞት፣ እኔ ተራራ ላይ ሆኜ እጄ የታሰረ ቢሆን፣ ያኔ ምን ትይኛለሽ?»

አባቷ፣ ሽማግሌው ኢሳክ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ ፌሪ፣ ሰውና መኪና የሚያሻግር ትልቅ ጀልባ፣ ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ዳሌያቸው ተሰብሮ ቆመው መሄድ አቅቷቸዋል። ያችን አምባር ከእጃቸው የሚለያት የለም። ቱሪድ በሩን ዘግታ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚወድቀው የራሷ አባት ነው፤ ከፍታው ሌባ ቢገባም የሚወድቀው ያው ነው።

«እኔ እቀራለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ፋሲካን? እዚህ?»

ጀልባ ላይ አድራለሁ ያለችው ያህል ነው የገረመው።

«እዚህ። ግን ብቻዬን የምከፍተው በርም አልፈልግም። የእኔም ስም ይሰረቃል።» ዓይኗ ከጀርባዬ ባለው የብረት ካዝና ላይ አረፈ። «አርንፊን፣ ይህን የሚከፍተው ማን ነው?»

«እኔና ቄሱ።»

«ፋሲካ ላይ የት ትሄዳለህ?»

«የት እሄዳለሁ? ደወሉን ማን ይደውላል?»

በሆልመቪክ ምንጊዜም ተቆልፎ የሚኖረው ያ ካዝና ብቻ ነው፤ በፋሲካ ከስፍራው የማይነቃነቀውም ሰው እኔ ነኝ። ቱሪድ ሁለቱን አገጣጠመቻቸው። የአስተናጋጆቹን የራሳቸውን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ በፖስታ አሽጋ እዚያ እንድታስቀምጥ፣ ሲከፈትም እኔ አብሬ እንድቆም ተስማማን። ቄሱ ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ «ከጽዋው ጎን ክፉ ጎረቤት አያገኘውም» ብለው ፈቀዱ።

ሃልቫርድም እጁን ሰጠ፣ ግን በቃል አሰራት። «ይህ ፋሲካ ካላማረ በሩ ተመልሶ ይከፈታል፤ ሁለተኛም አታነሺውም።»

«እሺ።»

ቱሪድ በቀረው ጊዜ ሥራዋን ሠራች። አስተናጋጆቹን የሚያዙበትን መስመር ከሌላው ሁሉ ለየች፤ ምድር ቤት ካለች አንዲት ኮምፒውተር በቀር ከየትም የማይደረስበት አደረገችው። እስከዚያ ድረስ አስተናጋጆቹ ጌታቸው ማን እንደሆነ ስሞቹን ከያዘው እንግዳ ይጠይቁ ነበር፤ እሱ አዛዥ ነው ያለውን ሁሉ ይቀበላሉ። ያንን ቆረጠችው። በሩን ያንኳኳ ሁሉ ደግሞ አስተናጋጆቹ ሊፍቁት በማይችሉት ሌላ ማሽን ላይ እንዲጻፍና ለስልኳ እንዲነገራት አደረገች። የአምባሮቹንም መስመር ከከተማው መስመር አላቀቀች። የመድኃኒቱን ሰንጠረዥ መጦሪያ ቤቱ በወረቀት አውጥቶ እንዲያስቀምጥም ለመነች። ሽማግሌው ኢሳክ ይህን ሁሉ ስታወራላቸው ሰምተው፣ «ልጄ፣ ፌሪ ላይም የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ነበረን» አሏት። «አንድም ቀን አልተጠቀምንበትም። በየሳምንቱ ግን እናወርደው ነበር።»

ስቅለት መጣ። መንበሩ ላይ የጌታን አምስት ቁስሎች የሚያስቡት አምስቱ ቀይ ጽጌረዳዎች ብቻ ነበሩ። ቄሱ የሕማማቱን ታሪክ እያነበቡ ነው፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቱሪድ በቤት ሹራቧ ገብታ ትከሻዬን ነካች።

«ካዝናው።»

«አሁን?»

«አሁን። ሃልቫርድ በሩን እያንኳኳ ነው። ሃልቫርድ ግን አይደለም።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብተን ካዝናውን ስከፍት በአጭሩ ነገረችኝ። መልእክቱ ስልኳ ላይ እንደመጣ ወደ ጎጆው ደውላለች። ሃልቫርድ በረዶ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ታች መኪናው ውስጥ ነው። ከዚያ የእሱን ስም ለመዝጋት ስትሞክር የራሷ ስም አልገባ አላት። ሰውዬው ቀድሞ አስወጥቷታል።

ፖስታውን ሳቀብላት ስልኳ ጮኸ። ድምፁ ለእኔም ይሰማ ነበር።

«ቱሪድ፣ ደግሜ አሰብኩት።» ሃልቫርድ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ባለፈው ሳምንት አንድ መልእክት መጥቶልኝ ነበር። የይለፍ ቃልህ ሊያበቃ ነው፣ አድስ የሚል። ለጉዞ ስጣደፍ ሞላሁለት።»

ቱሪድ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

«እሺ።»

«ተናገሪኝ እንጂ።»

«ስትወርድ እናገርሃለሁ። አሁን ብርቱካንህን ብላ።»

ማዘጋጃ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። ምድር ቤቱ ሞቃት ነበር፤ ማሽኖቹ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻሉ። ቱሪድ ያችን አንዲት ኮምፒውተር አበራችና ማንኳኳቱ የተጻፈበትን አሳየችኝ። ሰውዬው በሠራተኞቹ ተራ መግቢያ፣ በሃልቫርድ ስም ገብቶ ስሞቹን የያዘውን እንግዳ በእጁ አድርጓል። እዚያም «የአስተናጋጆች አዛዦች» የሚል ማኅበር ፈጥሮ ራሱን ብቻ አባል አድርጓል። ከዚያ ወደ አስተናጋጆቹ ሄዶ ጌታችሁ እኔ ነኝ ብሏል። ደጋግሞም ብሏል። መልስ የለም።

«አምና ቢሆን ያምኑት ነበር» አለች። «አሁን ያንን እንግዳ አይጠይቁትም።»

«ከእነሱ ምን ፈልጎ ነው?»

«ያንን ነርሷ የያዘችውን ቁልፍ። እንግዶቹን አንድ በአንድ ማሸነፍ አድካሚ ነው፤ ቤቱን ከያዘ ግን ባንድ ቃል ሁሉንም ይቆልፋቸዋል። አምባሮቹንም፣ መድኃኒቱንም።»

«አልቻለም ማለት ነው?»

«እስካሁን። ግን ውስጥ ነው፤ ጊዜ ከሰጠሁት ሌላ መንገድ ይፈልጋል።»

ፖስታውን ቀደደች። እኔ ቆሜ አየሁ፣ ቃላችን እንደዚያ ነውና። ውስጡ የነበረው የይለፍ ቃልና ትንሿ የደኅንነት ቁልፍ ለአስተናጋጁ ብቻ የተበጁ ነበሩ፤ ሰውዬው የያዘው የስም ማኅደር አያውቃቸውም። ቁልፏን ማሽኑ ጎን ሰካቻት። ተከፈተላት። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

የቀራት የከተማውን መስመር መቁረጥና ሰውዬው የተቀመጠበትን እንግዳ ከላይ ሆና ማጥፋት ነበር። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። አምባሮቹ ያለ እነዚህ ሁለቱ ሊቆሙ እንደሚችሉ በባዶ ክፍል ሞክራዋለች፤ ሰው ለብሷቸው ግን አልሞከረችም። ስልኳን አንስታ መጦሪያ ቤቱ ደወለች። ተረኛዋ ነርስ ሜሬታ ነበረች።

«ሜሬታ፣ አባቴን ስጪኝ። የጥሪ ስልክሽን ደግሞ እጅሽ ላይ ያዢ።»

ሽማግሌው ኢሳክ ስልኩን ያዙ። «ስቅለት ላይ ሥራ?» አሏት።

«አባዬ፣ አሁን አንድ ነገር ልዘጋ ነው። በል ስልህ አምባርህን ትጫናለህ።»

«ካልጮኸስ?»

«ካልጮኸ መልሼ እከፍታለሁ። ሌባውም አብሮ ይገባል።»

«ያ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ አጠገብሽ አለ?»

«አለ።»

«ሥራ ፈትቶ ከቆመ ይጸልይ በይው።»

ጀምሬ ነበር። ቱሪድ መስመሩን ቆረጠች። ከዚያ ስሞቹን የያዘውን እንግዳ መርጣ አጠፋችው። ያች ስትፈራት የኖረች መሣሪያ ማን ነሽ ሳትል ታዘዘችላት።

«በል፣ አባዬ።»

ቱሪድ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። ሽማግሌው ሲተነፍሱ ይሰማናል። ከዚያ ከወዲያ በኩል፣ ከሜሬታ እጅ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚሰለቸው የጥሪ ጩኸት ተሰማ።

«ጮኸ» አሉ ኢሳክ። «አሁን መጥታ ምን ሆኑ ትለኛለች፤ ቡና ፈልጌ ነው እላታለሁ።»

ቱሪድ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። የማንኳኳቱ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ አልጨመረም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰዉ ወጥቷል፤ ቄሱ ሻማዎቹን ራሳቸው አጥፍተውልኝ ነበር።

ሃልቫርድ በማግሥቱ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ወረደ። ለፖሊስ አመለከቱ፤ ስሞቹን የያዘውንም እንግዳ ለብቻው ተጠብቆ ከነበረ ንጹሕ ቅጂ እንደገና አስነሡት። ሌባው የነካካው የሠራተኞቹ የኢሜይል ማሽን ግን ብዙ አስቸገራቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ ለሳምንታት በስልክና በወረቀት ነው የሠራው፣ ማጉረምረሙም ብዙ ነበር። ሁሉ ነገር አልተረፈም። አምባሮቹ ግን አንዲት ደቂቃም አልተኙም።

ሃልቫርድ ሥራው ጋብ ሲል መጦሪያ ቤቱ ሄዶ በሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» አላቸው።

«ሰምቻለሁ። እኔም አንዴ ፌሪውን ከነተሳፋሪው ድንጋይ ላይ አውጥቼዋለሁ» አሉት። «ብርቱካን ይዘህ መጥተሃል ወይስ ባዶ እጅህን ነው?»

ከረጢቱን አወጣ።

አዲሱን ፖስታ ያሸገው ሃልቫርድ ራሱ ነው። ከቱሪድ ጋር ዕቃ ቤቱ ድረስ መጥተው ከጽዋው ጎን አኖሩት፤ እኔም ቆለፍኩ። ቱሪድ እናገርሃለሁ ያለችውን ያን ጊዜ እጠብቅ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት እሱም።

«የሚመጣው ፋሲካ ተረኛው አንተ ነህ። እሱ ይበቃሃል።»

ሃልቫርድ ተራውን አክብሮ ቀረ። በሚቀጥለው ስቅለት ከበሩ አጠገብ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሲዘምር ድምፁ ከመዝሙሩ ጋር አይስማማም፤ ግን ዝቅ አላደረገውም። ቱሪድ በዚያው ሰዓት ተራራ ላይ ነበረች፤ አባቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በበረዶ መንሸራተቻ ወንበር እየጎተተች። ሽማግሌው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የቤተሰባቸውን የተራራ ጎጆ አላዩትም ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ለሃልቫርድ ፎቶግራፍ ደረሰው፤ ኢሳክ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

ሃልቫርድ አይቶ አሳየኝ።

«የጀልባ ቤቷን ቁልፍስ ለማን ሰጥታ ሄደች?» አልኩት።

ኪሱን ዳሰስ አደረገና ሳቀ። የእሱ የጀልባ ቤት ቁልፍ ግን እስከ ዛሬ ምስማሩ ላይ ነው። ቱሪድም መረብ ሲያንሳት ከዚያ ነው የምትወስደው፤ ስትጨርስ አጥባ ትመልሳለች።